ድሬ የሸፈነችውን ሐረር ስታወጣው፦ ያረጀ የናፍጣ መኪና በብርድ ማለዳ አልነሳ ሲል ምክንያቱን መፈለጊያ

ድሬዳዋ ላይ በአንድ ቁልፍ የሚነሳ ያረጀ የናፍጣ መኪና ሐረር ወጥቶ ባደረ ማግስት ሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሳው) እየዞረ አልነሳ ሲል፣ ባለቤቱ በአብዛኛው የሚወቅሰው የሐረርን ብርድ ነው። ወቀሳው ግማሽ እውነት አለው። የሐረር ሌሊት በታኅሣሥና በጥር ቢቀዘቅዝም ወደ 10 ዲግሪ አካባቢ የሚወርድ ነው፤ ይህ ደግሞ ጤነኛ የናፍጣ ሞተርን የሚያስቸግር ብርድ አይደለም። ናፍጣ በብርድ ደፍርሶ ፊልትሮ የሚዘጋው ውኃ በሚረጋበት አገር ስለሆነ፣ በእኛ በኩል «ናፍጣው ረግቶ ነው» የሚለውን ምክንያት ገና ከጅምሩ መተው ይቻላል። ብርዱ አዲስ ጥፋት አልፈጠረም፤ በድሬ ሙቀት ተሸፍኖ የቆየውን ነው ያወጣው።

ይህን የተማርኩት በራሴ ገንዘብ ነው። ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር፣ ዛፍ ጥላ ሥር፣ ከቀትር በኋላ ሞክሬ የገዛሁት አሮጌ ሃይሉክስ ሁለት ወር ሙሉ አንድም ቀን አላስቸገረኝም ነበር። ለታኅሣሥ ገብርኤል ንግሥ ቁልቢ ወጥቼ በ18 ማታ ካቆምኩት በኋላ ግን፣ በ19 ማለዳ ነጭ ጭስ እየተፋ አልነሳ አለ፤ የተነሳውም ለንግሥ በመጡ ምዕመናን ግፊት ነው። ድሬ ስመለስ ያስገባሁበት ጋራዥ ሞተሩን በሞቀበት ሰዓት አይቶ «ፖምፓው ደክሟል» ሲለኝ አመንኩ። ናፍጣውን ወደ ሞተሩ የሚገፋው ፖምፓ ወርዶ ታደሰ፣ ሒሳቡም ተከፈለ፤ በሳምንቱ ሐረር ባደርኩበት ማለዳ ግን መኪናው ያንኑ ነጭ ጭስ እያሳየኝ ቆመ። ትክክለኛው ምክንያት የት እንደተገኘ በቦታው እመለስበታለሁ።

ከዚያ ወዲህ የያዝኩት አቋም ይህ ነው፦ በብርድ የማይነሳ መኪና የሚመረመረው በማለዳ፣ ከመጀመሪያው ቁልፍ በፊትና በቁልፉ ወቅት፣ በራሱ በባለቤቱ ነው። መካኒኩ መኪናውን የሚያገኘው ከረፋዱ 3 ወይም 4 ሰዓት፣ ያውም ተገፍቶ ወይም ተጎትቶ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ስለሆነ፣ የሚፈልገው ምልክት ያን ጊዜ ጠፍቷል። በማለዳ የታዩ ጥቂት ነገሮችን በወረቀት ይዞ የሄደ ባለቤት፣ ጋራዡን የአንድ ቀን ግምት ራሱን ደግሞ አላስፈላጊ ወጪ ያድናል።

ሙቀቱ ከየት እንደሚመጣ

የናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚን ሞተር ነዳጁን የሚለኩስለት ብልጭታ የለውም። ፒስቶኑ አየሩን ሲያምቀው አየሩ ይግላል፤ ናፍጣው በዚያ በጋለ አየር ላይ ሲረጭ በራሱ ይቀጣጠላል። በአሮጌ ሃይሉክሶችና ሃይየሶች ላይ በሚገኘው 2ኤል ሞተርም ሆነ በሃርድቶፕ ላንድክሩዘሮች ላይ በሚገኘው 1ኤችዜድ፣ አየሩ ወደ 22 እጥፍ ገደማ ይታመቃል። ኮምፕሬሽኑ (አየር የማመቅ ኃይሉ) ደህና በሆነ ሞተር ውስጥ 30 ዲግሪ ሆኖ የገባ አየር ሲታመቅ በግምት 490 ዲግሪ ይደርሳል፤ 10 ዲግሪ ሆኖ የገባው ግን 440 አካባቢ ላይ ይቆማል። በውጭ የ20 ዲግሪ ልዩነት የነበረው በሲሊንደሩ ውስጥ ወደ 50 ዲግሪ አደገ ማለት ነው። 440 ዲግሪ ናፍጣን ለመለኮስ ከበቂ በላይ ቢሆንም፣ ሞተሪኖው ዝግ ብሎ ሲያዞር ወይም ፋሻው (የፒስቶኑ ቀለበት) ሲያልቅ አየሩ ለማምለጥ፣ ሙቀቱም በቀዘቀዘው ብረት ለመመጠጥ ጊዜ ያገኛል፤ ያን ጊዜ ሙቀቱ በብዙ ሊወርድ ይችላል። የማይነሳው እዚህ ላይ ነው።

ከፍታም የራሱ ድርሻ አለው። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ያህል ላይ ስትሆን፣ ሐረር 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በሐረር የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው አራት አምስተኛ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ሞተሩ በእያንዳንዱ ምት የሚስበው አየር ያንኑ ያህል ያንሳል። ስለዚህ የደንገጎን ዳገት ወጥቶ፣ በሐሮማያና በአወዳይ አልፎ ሐረር የገባ መኪና፣ በአንድ ጊዜ ቀዝቃዛም ሳሳ ያለም አየር ይገጥመዋል፤ ከመንገዱ ርዝመት አንጻር፣ 50 ኪሎ ሜትር ከምናምን ብቻ መሆኑን ስናስብ፣ ለውጡ ትልቅ ነው።

ከመጀመሪያው ቁልፍ በፊት

መኪናውን ማታ ሲያቆሙ በተቻለ መጠን ሜዳ ላይ ያቁሙት፤ የዳገቱ ሙከራ ለብቻው ይመጣል። ለማለዳው የሚያስፈልገው ጥቂት ነው፦ የኤሌክትሪክ ቴስተር፣ ሁለት ሽቦ የተያያዘበት አነስተኛ የ12 ቮልት አምፖል፣ የእጅ ባትሪ፣ እና ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) ዘንድ ቆሞ የሚያይ አንድ ረዳት። ሥራው ደጅ ላይ እንጂ በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ አይሁን፤ ያልተቃጠለ የናፍጣ ጭስ ዓይን ያቃጥላል፣ ያፍናልም።

ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ቁልፉን ከመንካትዎ በፊት በቴስተር የባትሪውን ቮልት ይለኩና ይጻፉ። ከዚያ ቁልፉን ወደ ማሞቂያው ያዙሩ፤ ቢጫው የማሞቂያ መብራት እስኪጠፋ ይጠብቁ፤ ከዚያም ከ10 ሰከንድ ላልበለጠ ጊዜ ያስነሱ። ረዳቱ ጭሱን ይመልከት፣ እርስዎ ድምፁን ያዳምጡ። ካልተነሳ ሁለተኛውን ሙከራ ከግማሽ ደቂቃ በኋላ ያድርጉ። ከሦስት ሙከራ በላይ መሄድ ባትሪን ከመጨረስ በቀር የሚጨምረው እውቀት የለም።

ረዳቱ የሚያየው ጭስ ከሁሉም የበለጠ ተናጋሪ ነው። ሞተሪኖው በደንብ እያዞረ ከማርሚታው ምንም ጭስ ካልወጣ፣ ናፍጣ ወደ ሲሊንደሩ አልደረሰም፤ ስለ ማሞቂያም ሆነ ስለ ኮምፕሬሽን ከማሰብ በፊት የናፍጣውን መንገድ መከተል ይገባል። ነጭ፣ ዓይን የሚቆጠቁጥና ናፍጣ ናፍጣ የሚሸት ጭስ ከወጣ፣ ናፍጣው ገብቷል ግን አልተቀጣጠለም፤ የጎደለው ሙቀት ነው። ሙቀቱ የጎደለው በማሞቂያ ካንዴላ (ከመነሳቱ በፊት ሲሊንደሩን በኤሌክትሪክ በሚያሞቀው)፣ በዝግታ በሚያዞር ሞተሪኖ፣ በደከመ ኮምፕሬሽን ወይም በዘገየ የርጭት ጊዜ ሊሆን ይችላል። ተነስቶ ለግማሽ ደቂቃ ያህል እየተንገዳገደ ነጭ ጭስ ከተፋ በኋላ የሚስተካከል ከሆነ፣ ከካንዴላዎቹ አንዱ ወይም ሁለቱ መሞታቸውን መጠርጠር ነው። ተነስቶ ወዲያው ከጠፋና ደግሞ ለመነሳት ብዙ ማዞር ከፈለገ ግን፣ ጥርጣሬው ወደ ናፍጣው መስመር፣ ማለትም ወደ አየር ይዞራል። ሰማያዊ ጭስ የዘይት ነው፤ የማለዳ ችግር ላይሆን ይችላል፣ ነገር ግን የፋሻውን ዕድሜ ይናገራል።

ጠዋት ያለ ችግር ተነስቶ በቀትር፣ ሞተሩ በጋለበት ሰዓት የማይነሳ መኪና የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ አይደለም። እንዲህ ያለው አብዛኛውን ጊዜ የፖምፓው ውስጥ ማለቅ ነው፤ ናፍጣ ሲሞቅ ይቀጥናል፣ በተበላው ክፍተትም ያመልጣል። ሁለቱን የሚያምታቱ ጋራዦች ስላሉ ልዩነቱን አስረግጦ መናገር ይጠቅማል፤ «ብርድ ላይ ነው እንጂ ሲሞቅ ደህና ነው» የሚለው አንድ ዓረፍተ ነገር ፖምፓዬን ባተረፈልኝ ነበር።

ባትሪ፣ ሽቦና ሞተሪኖ

ያደረ፣ ሙሉ የሆነ የ12 ቮልት ባትሪ ከ12.6 ያላነሰ ማሳየት አለበት። 12.4 ሦስት አራተኛ ያህል፣ 12.2 ግማሽ ያህል፣ 12.0 ደግሞ ሩብ ገደማ ነው። ሞተሪኖው ሲያዞር ከ9.6 በታች የሚወርድ ባትሪ ወይ አልተሞላም ወይ አርጅቷል። አንዳንድ ላንድክሩዘሮች ሁለት ባትሪ ይዘው በ24 ቮልት የሚነሱ ስለሆኑ፣ ከመለካት በፊት የሞተሪኖውን ጽሑፍ ማየት ያስፈልጋል፤ የ24 ቮልት ከሆነ ቁጥሮቹን ሁሉ በሁለት ማባዛት ነው።

ድሬዳዋ ውስጥ የኖረ ባትሪ ለብቻው ሊታሰብ ይገባዋል። ሰው ባትሪን ብርድ የሚገድለው ይመስለዋል፤ በእርግጥ የሚገድለው ሙቀት ነው፣ ብርድ ሞቱን ያሳውቃል። ሙቀት የውስጡን ሳህኖች ዝገት ያፋጥናል፣ ውኃውንም ያተንናል። ድሬ ላይ ሞተሩ በቀላሉ ስለሚዞር ግማሽ ኃይል የቀረውም ባትሪ ይበቃል፤ ሐረር ላይ ግን ዘይቱ ወፍሮ ሞተሩ ሲከብድ፣ ባትሪውም ራሱ በብርድ ኃይሉ ሲቀንስ፣ ያው ባትሪ ይወድቃል። ክዳኑ የሚከፈት ባትሪ ከሆነ የውኃውን ልክ ማየትና በተጣራ ውኃ ብቻ መሙላት ነው። ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ዲናሞው ከ13.8 እስከ 14.4 ቮልት መስጠቱንም በዚያው ይለኩ።

ባትሪው ደህና ሆኖ ሞተሪኖው ካቃሰተ፣ ቀጣዩ ሽቦው ነው፤ የእኔ ታሪክም የተፈታው እዚህ ነበር። ሐረር፣ ሸዋ በር አካባቢ ያገኘሁት አንድ ሽማግሌ ኤሌክትሪሲስታ ስለ ፖምፓው የነገርኩትን ሁሉ ከሰማ በኋላ፣ የቴስተሩን አንድ ጫፍ በባትሪው ነጌቲቭ ጫፍ ላይ፣ ሌላውን በሞተሩ ብረት ላይ አድርጎ «አስነሳ» አለኝ። ቁጥሩ ከ1 ቮልት በላይ ወጣ። መሆን የነበረበት ከ0.2 ያልበለጠ ነው። ከሞተሩ ወደ ሻንሲው የሚሄደው የማሳ (የነጌቲቩ መመለሻ) ሽቦ ከብሎኑ ሥር ጠቁሮ፣ በዝገት ተበልቶ ነበር። ድሬ ላይ በሙቀቱ ምክንያት ችግሩ አልታየም፤ ቁልቢ ላይ ግን ሞተሪኖው የሚያገኘውን ኃይልም ሆነ ማሞቂያ ካንዴላዎቹ የሚያገኙትን ኃይል እኩል ይቀንስ ነበር። በአሸዋ ወረቀት ተፈግፍጎ ጠብቆ ታሰረ፤ ሒሳቡ ከአንድ ምሳ አይበልጥም።

ስለዚህ ይህን ሙከራ ከሁሉም አስቀድሜ እመክራለሁ። ሞተሪኖው እየዞረ ባለበት ቅጽበት፣ ከባትሪው ነጌቲቭ እስከ ሞተሩ ብረት ያለው መጉደል ከ0.2 ቮልት፣ ከባትሪው ፖዘቲቭ እስከ ሞተሪኖው ወፍራም ሽቦ ያለው ደግሞ ከ0.5 ቮልት ማለፍ የለበትም። ካለፈ ብሎኖቹን ፈትቶ፣ ጫፎቹን አጽድቶ እንደገና መለካት ነው። በዓይን ሲታይ ንጹሕ የሚመስል ጫፍ ከውስጥ ሊበላ ስለሚችል፣ ማየት ብቻውን መለካትን አይተካም። ሽቦው ደህና ሆኖ ሞተሪኖው አሁንም ቀርፋፋ ከሆነ፣ ካርቦኑና ቡሽው ይታይ።

ዘይቱንም አይርሱ። ድሬ ላይ ስለ ሙቀቱ ተብሎ በጣም ወፍራም ዘይት የተሞላበት ሞተር ሐረር ላይ በማለዳ እንደ ማር ይከብዳል። ለአሮጌ የናፍጣ ሞተር 15ደብልዩ-40 ሁለቱንም ከተማ ያስኬዳል፤ መመሪያው የሚፈቅደውን ግን አስቀድሞ ማየት ነው።

ማሞቂያ ካንዴላ

በመለዋወጫ ሱቅ ግሎው ፕላግ የሚባለው ማሞቂያ ካንዴላ፣ በእነዚህ አሮጌ ሞተሮች ላይ የማለዳ ሥራ ሁሉ የተሰቀለበት ነው፤ የብዙ ሰው ስህተትም እዚሁ ይጀምራል። ዳሽቦርዱ ላይ ያለው ቢጫ መብራት ካንዴላዎቹ ስለመሞቃቸው ምንም አያውቅም። የሚያውቀው ሰዓቱን ብቻ ነው፤ አራቱም ካንዴላዎች ሞተው መብራቱ በሰዓቱ በርቶ በሰዓቱ ይጠፋል። «መብራቱ ይሠራል፣ ስለዚህ ማሞቂያው ደህና ነው» ማለት ግድግዳ ላይ ያለ ሰዓት ስለሠራ ምድጃው ነዷል እንደማለት ነው።

በመጀመሪያ ኃይል ወደ ካንዴላዎቹ መድረሱን ማረጋገጥ ይገባል። የቴስተሩን ጫፍ ካንዴላዎቹን በሚያገናኘው ብረት ላይ አድርገው ረዳቱ ቁልፉን ይክፈት። ምንም ቮልት ካልታየ፣ ጥፋቱ ከካንዴላው በፊት ነው፦ ወፍራሙ ፊውዝ፣ ሪሌው (ኃይሉን የሚያገናኘው ማብሪያ)፣ ወይም የሰዓት መቁጠሪያው። ሪሌው «ቋ» ብሎ ድምፅ ማሰማቱ ብቻ አይበቃም፤ ውስጡ ያሉት መገናኛ ነጥቦች ተቃጥለው ድምፅ እያሰማ ኃይል የማያሳልፍ ሪሌ ሞልቷል። ሪሌው ጋ የገባውንና የወጣውን ቮልት አነጻጽሮ ማየት ያስፈልጋል።

ኃይሉ ከደረሰ ቀጣዩ የእያንዳንዱ ካንዴላ ጤና ነው። የባትሪውን ነጌቲቭ ፈትተው ካስቀመጡ በኋላ አገናኙን ብረት ከካንዴላዎቹ ላይ ያንሱ፤ ዳዶዎቹ ትናንሽ ስለሆኑ ወደ ሞተሩ ሥር እንዳይወድቁ ጨርቅ ያንጥፉ። ባትሪውን መልሰው፣ የአምፖሉን አንድ ሽቦ ከፖዘቲቭ፣ ሌላውን ከካንዴላው ጫፍ ያገናኙ። አምፖሉ ካልበራ ካንዴላው ተበጥሷል። ከበራ ግን አልተበጠሰም ማለት ብቻ ነው፤ ጫፉ ይግላል አይግልም አምፖሉ አይነግርዎትም። በቴስተር ከለኩት ጤነኛ ካንዴላ ብዙውን ጊዜ ከ1 ኦም ያነሰ ወይም እዚያው አካባቢ ያሳያል። ርካሽ ቴስተር በራሱ ሽቦ ብቻ ግማሽ ኦም ሊያሳይ ስለሚችል፣ መጀመሪያ ሁለቱን ጫፎች አነካክቶ ያንን መቀነስ፣ ከዚያም አራቱን እርስ በርስ ማወዳደር ይሻላል። ሦስቱ አንድ ዓይነት ሆነው አንዱ የተለየው፣ ያ ነው።

ካንዴላውን አውልቆ ማየት የመጨረሻው ማረጋገጫ ነው፤ ነገር ግን ለዓመታት ያልተነካ ካንዴላ ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ውስጥ ተጣብቆ ሊሰበር ይችላል፣ ከተሰበረም ቴስታታ እስከ ማውረድ ያደርሳል። ሞተሩ ሞቅ ሲል፣ የዝገት ዘይት አስቀድሞ ረጭቶ፣ በቀስታ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እያሉ መፍታት ይገባል። የወጣውን ካንዴላ አካሉን በፒንሳ ይዘው በኬብል ከባትሪ ሲያገናኙት፣ ጤነኛው ከጫፉ ጀምሮ በጥቂት ሰከንዶች ይቀላል። ከመሃሉ ወይም ከክሩ አጠገብ የሚቀላው አርጅቷል። እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ጥንቃቄ አለ፦ በካንዴላው አካል ላይ የተጻፈውን ቮልት ያንብቡ። አንዳንድ ቶዮታዎች 6 ቮልት ገደማ የሆኑ ፈጣን ካንዴላዎች ይጠቀማሉ፤ እነዚህ በቀጥታ 12 ቮልት ሲያገኙ ወዲያው ይቃጠላሉ። የቮልቱ ልዩነት ሳይታይ ከሱቅ «ይገጥማል» ተብሎ የተገዛ ካንዴላም በዚሁ መንገድ በሳምንቱ ይሞታል ወይም ሳይሞቅ ይኖራል።

ሪሌው ሲበላሽ በብዙ መኪኖች ላይ በእጅ የሚጫን ቁልፍ በቀጥታ ይገጠማል። አሠራሩን አልነቅፍም፤ ቀላልና አስተማማኝ ሊሆን ይችላል። የምነቅፈው ለመብራት በተሠራ ቀጭን ሽቦ መገጠሙን ነው። እያንዳንዱ ካንዴላ ከ10 አምፔር በላይ ሊስብ ስለሚችል አራቱ በአንድ ላይ ከ40 በላይ ይስባሉ፣ ገና ሲበሩ ደግሞ ከዚያም ይበልጣሉ። ቁልፉ ሪሌ ያዝዝ፣ ኃይሉ በወፍራም ሽቦና በፊውዝ ይሂድ። ጣትዎንም ከ15 ሰከንድ በላይ አያቆዩ።

ናፍጣው ሌሊት ወዴት ይሄዳል?

ጭስ ያልታየበት ወይም ተነስቶ የጠፋ መኪና ብዙውን ጊዜ የሚሰቃየው በአየር ነው። በእነዚህ መኪኖች ፖምፓው ናፍጣውን ከሰልባትዮው (ከናፍጣ ማጠራቀሚያው) በመሳብ ስለሚያመጣው፣ በመስመሩ ላይ ያለ ትንሽ ክፍተት ናፍጣ ወደ ውጭ አያንጠባጥብም፤ አየር ወደ ውስጥ ያስገባል። ለዚህ ነው ከሥሩ ደረቅ የሆነ መኪና አየር ሊስብ የሚችለው። ሌሊት ናፍጣው በዚያ ክፍተት ምክንያት ወደ ሰልባትዮው ይመለሳል፣ ማለዳ ፖምፓው አየር ይስባል።

ሐረር ለዚህ ምርመራ የተሠራች ከተማ ናት። ከጀጎል ግንብ ውጭ ያሉት መንገዶች አብዛኞቹ ተዳፋት ስለሆኑ፣ መኪናውን አንድ ሌሊት አፍንጫውን ወደ ቁልቁለቱ፣ ሌላ ሌሊት ወደ ዳገቱ አዙሮ ማሳደር ነው፤ በሁለቱም ጊዜ ጎማው ሥር ድንጋይ ይደረግ። ወደ ቁልቁለቱ ሲቆም ከኋላ ያለው ሰልባትዮ ከሞተሩ ከፍ ስለሚል ናፍጣው ባለበት ይቆያል፤ ወደ ዳገቱ ሲቆም ግን ናፍጣው ወደ ኋላ ይፈስሳል። በቁልቁለት አድሮ ወዲያው የሚነሳ፣ በዳገት አድሮ የሚያስቸግር መኪና አየር እንደሚስብ በዚህ ብቻ ይታወቃል። ሁለቱም ቀን እኩል ካስቸገረ ወደ ማሞቂያውና ወደ ኮምፕሬሽኑ ይመለሱ።

የሐረር ሰው መኪናውን አዘውትሮ ወደ ቁልቁለት የሚያቆመው ግን ለምርመራ አይደለም፤ በማንከባለል ለማስነሳት ነው። ልማዱ ሁለት ጉዳት አለው። አንደኛው፣ ጥፋቱን ለወራት ይደብቃል፤ ናፍጣው እንዳይመለስም ያደርጋልና አየር የሚስብ መኪና ጤነኛ ይመስላል። ሁለተኛው አደጋ ነው፤ ሞተሩ ሳይነሳ ፍሬኑም መሪውም እርዳታ ስለሌላቸው ይደርቃሉ፣ ከፊት ደግሞ ባጃጅና ትምህርት ቤት የሚሄድ ልጅ አለ።

ሌላው ማረጋገጫ ፊልትሮው ላይ ያለው የእጅ ፖምፓ ነው። ማለዳ ከማስነሳት በፊት ይጫኑት። ከሁለት ሦስት ጊዜ በኋላ ከጠነከረ መስመሩ ሞልቷል፤ 20 እና 30 ጊዜ ተጭኖ ባዶ ባዶ ካለ፣ ከዚያ በኋላም መኪናው ወዲያው ከተነሳ፣ አየር መግባቱ ተረጋግጧል። የሚገባበትን ቦታ ለማግኘት ከፖምፓው በፊት ያለውን ጥቁር ጎማ በአንድ ክንድ ግልጽ ቱቦ ተክቶ አረፋ መፈለግ ነው። ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከተሰነጠቀ የናፍጣ ጎማ፣ ከእጅ ፖምፓው ራሱ ጎማ፣ ከፊልትሮው ማኅተም ወይም ከመመለሻ ቱቦዎቹ ነው። የኋለኞቹ ቀጫጭን ስለሆኑ ማንም አያያቸውም፤ የድሬ ሙቀት ያደርቃቸውና እንደ ብስኩት ይሰባበራሉ።

ፊልትሮው ሥር ያለውን የውኃ ማፍሰሻ ፈትተው በጠርሙስ ይቀበሉ፤ ውኃው ከታች ይለያል። በተለይ ናፍጣ በጀሪካን የሚገዛ ሰው ይህን በየወሩ ቢያደርግ አይጎዳም። ጭስ ጨርሶ ካልታየ ደግሞ ፖምፓው ላይ ያለውን የናፍጣ ማቆሚያ ሶሌኖይድ ይመልከቱ፤ ቁልፉ ሲከፈት «ቋ» ማለትና 12 ቮልት ማግኘት አለበት። አንዲት የላላች ሽቦ ሙሉ ሞተርን ታቆማለች።

ኮምፕሬሽን በሐረር ሚዛን

ኤሌክትሪኩ፣ ማሞቂያውና ናፍጣው ደህና ሆነው ነጭ ጭሱ ከቀጠለ ኮምፕሬሽን መለካት ተገቢ ይሆናል። በነጻ የሚደረገው ቅድመ ሙከራ የዘይት መሙያውን ክዳን ሞተሩ እየሠራ ማላላት ነው፤ ክዳኑን የሚያነሳ የጭስ ትንፋሽ ካለ ፋሻው ጋዝ እያሳለፈ ነው።

ሲለካ መለኪያው ለናፍጣ የተሠራ መሆን አለበት፤ የቤንዚን መለኪያ ይፈነዳል። የናፍጣ ሶሌኖይዱ ሽቦ ይነቀል፣ ካንዴላዎቹ ሁሉ ይውለቁ፣ ባትሪውም ሙሉ ይሁን። ውጤቱን ከመመሪያው ጋር ሲያስተያዩ ግን ከፍታውን አይርሱ። የመመሪያው ቁጥር የባሕር ዳርቻ ቁጥር ነው፤ መጽሐፉ 30 ባር ካለ፣ ያው ጤነኛ ሞተር ድሬ ላይ 26፣ ሐረር ላይ ደግሞ 24 አካባቢ ያሳያል። ይህን ባለማስላት ሐረር ላይ «ሞተሩ አልቋል» ተብሎ የተፈረደበትና ለመፈታት የተቃረበ ሞተር አውቃለሁ። ከቁጥሩ ይልቅ ልዩነቱ ይታመናል፦ ሲሊንደሮቹ እርስ በርስ ከ5 ባር በላይ ከተራራቁ ዝቅተኛው ታሟል። ፋሻ ከመጠርጠር በፊት የቫልቭ ክፍተት ይለካ። በአሮጌ ሞተር ቫልቩ ወደ መቀመጫው እየሰመጠ ክፍተቱ ይጠፋል፣ ቫልቩም በደንብ አይዘጋም፤ ክፍተቱን ማስተካከል ብቻ ማለዳውን የመለሰበት ጊዜ ብዙ ነው።

የርጭት ጊዜና የናፍጣ መርጫዎቹ የባለሙያ ሥራ ናቸው። የላላ ወይም አንድ ጥርስ የዘለለ ቺንጋ (የሞተሩ ቀበቶ) ርጭቱን ያዘገያል፤ የሚያንጠባጥብ መርጫ ደግሞ በማለዳ ነጭ ጭስና ማንኳኳት ያመጣል። መርጫዎቹ ወርደው በመፈተሻ ይታዩ፣ ሲመለሱም አዲስ ሮንዴላ ይደረግላቸው። የፖምፓ መውረድ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ቤንዚን በጨርቅ

መኪናው ሲያስቸግር በቤንዚን የተነከረ ጨርቅ ወይም የኤተር ርጭት ወደ አየር ፊልትሮው ማስጠጋት የተለመደ ነው። ማሞቂያ ካንዴላ ባለው ሞተር ላይ ይህ በፍጹም አይደረግ። ጋዙ ፒስቶኑ ገና እየወጣ ሳለ በጋለው ካንዴላ ላይ ይለኮሳል፤ ፋሻ ይሰብራል፣ ፒስቶን ይበሳል፣ አንዳንዴም እሳቱ ጨርቁን በያዘው እጅ ላይ ይመለሳል። የፈላ ውኃ በቀዘቀዘ ፖምፓ ላይ ማፍሰስም እንዲሁ ጠባብ የሆኑትን የውስጥ ክፍሎች ሊያጣብቅ ይችላል። መሞቅ ካለበት ፀሐይ እስክትወጣ መጠበቅ ወይም ሌላ ባትሪ አምጥቶ ማገናኘት ይሻላል።

ጥገናው ካለቀ በኋላ ሒሳቡን ድሬ ላይ በቀትር ሞክረው አይዝጉት። መኪናውን ሐረር ይዘው ይውጡ፣ አፍንጫውን ወደ ዳገቱ አዙረው፣ ጎማው ሥር ድንጋይ አድርገው ያሳድሩት። ማለዳ 12 ሰዓት ላይ አንድ ጊዜ አሙቀው ያስነሱ። በሁለት ሦስት ሰከንድ ተነስቶ ጭሱ በግማሽ ደቂቃ ውስጥ ከጠራ ሒሳቡን ይክፈሉ፤ ነጩ ጭስ ከደቂቃ በላይ ከቆየ ካንዴላዎቹን አንድ በአንድ እንደገና በአምፖሉ ይፈትሹ።